ሁለት ሺህ የተገዙ ምስክሮች፦ ጄ.ሲ. ፔኒ ከጉግል አናት የወረደበት ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ የበዓል ገበያ በደራበት ሰሞን፣ ጉግል ላይ ገብቶ በእንግሊዝኛ «ቀሚሶች» ብሎ የጻፈ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያገኘው ጄ.ሲ. ፔኒ የተባለውን የአሜሪካ መደብር ገጽ ነበር። «የአልጋ ልብስ» ቢል ፔኒ፣ «ስኪኒ ጂንስ» ቢል ፔኒ፣ «ምንጣፍ» ቢል ፔኒ። «የቤት ዕቃ»፣ «የጠረጴዛ ልብስ»፣ «የቤት ማስጌጫ» ቢልም ያው ነው። የባሰው ደግሞ «ሳምሶናይት የእጅ ሻንጣ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው፣ ሻንጣውን የሚሠራው ሳምሶናይት ራሱ ከታች ሆኖ ፔኒ ከላይ መቀመጡ ነው። ይህም የአንድ ቀን አጋጣሚ አልነበረም፤ ለወራት እንደዚያው ቆይቷል።

ፔኒ እንግዳ ሱቅ አይደለም። በ1902 ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ ኬመረር በምትባል ትንሽ የማዕድን ከተማ ተጀምሮ፣ በ2010 ከአንድ ሺህ በላይ መደብሮችና 17.8 ቢሊዮን ዶላር ዓመታዊ ገቢ የነበረው ግዙፍ ድርጅት ነው። ስለዚህ በአንድ ሁለት ዕቃ ፍለጋ አንደኛ ቢወጣ ማንም ነገሬ አይለውም። ጥርጣሬ የጫረው ስፋቱ ነው። ምንጣፍ ብቻ የሚሸጥ ጣቢያ እያለ፣ ጂንስ ብቻ የሚሸጥ እያለ፣ ስለ ሻንጣ ከማንም በላይ የሚያውቀው የሻንጣው ፋብሪካ እያለ፣ አንድ ሁሉን ሻጭ መደብር በየቃሉ ሁሉንም የሚቀድመው በምን ሒሳብ ነው?

ጥያቄውን ያነሳው ኒው ዮርክ ታይምስ ነው። ጋዜጣው ብሉ ፋውንቴን ሚዲያ በተባለ የኒው ዮርክ ድርጅት የሚሠራውን ዳግ ፒርስን፣ የፍለጋ ባለሙያ ነውና፣ ነገሩን እንዲመረምርለት ጠየቀው። ውጤቱ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2011 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ስለ ድረ ገጽ ማሻሻጥ በሚነገርበት ቦታ ሁሉ ይነሳል፤ ቁጥሮቹ በአደባባይ የወጡለት እንዲህ ያለ ጉዳይ ጥቂት ስለሆነ ዛሬም ተመልሶ ማየቱ ይጠቅማል።

ምርመራው ያገኘው

ፒርስ ዋናውን ነገር ያገኘው የፔኒ ገጾች ውስጥ አይደለም። ከውጭ ወደ ፔኒ የሚያመለክቱት ሊንኮች ከየት እንደሚመጡ አየ። «የዘወትር ቀሚስ»፣ «የምሽት ቀሚስ»፣ «ትንሿ ጥቁር ቀሚስ»፣ «የኮክቴል ቀሚስ» የሚሉ ሐረጎችን ይዘው በቀጥታ ወደ ፔኒ የቀሚስ ገጽ የሚወስዱ ሊንኮች የተለጠፉባቸው 2,015 ገጾች ቆጠረ።

አንዳንዶቹ ከልብስ ጋር ለስሙ ያህል የሚገናኙ ነበሩ። አብዛኞቹ ግን በምንም አይገናኙም። ስለ ኑክሌር ምህንድስና በሚያወራ ጣቢያ ግርጌ «ጥቁር ቀሚሶች» ተለጥፏል። በቁማር ጣቢያ ላይ «የምሽት ቀሚሶች» አለ። ቡልጋሪያ ውስጥ ቤትና መሬት በሚያሻሽጥ ጣቢያ ላይ «የኮክቴል ቀሚሶች»፣ የባንኮችን ዝርዝር በያዘ ሌላ ጣቢያ ላይ «የዘወትር ቀሚሶች»። ስለ በሽታ፣ ስለ ካሜራ፣ ስለ ውሻ፣ ስለ አልሙኒየም ቆርቆሮ፣ ስለ ማንኮራፋት፣ ስለ ዓሣ ማጥመድ፣ ስለ ጥርስ ሐኪም የሚያወሩ ጣቢያዎች ሁሉ የፔኒን ቀሚስ ይጠቁማሉ። ከነዚህ ውስጥ ባለቤታቸው የተዋቸው የሚመስሉ፣ ከሊንክ በቀር አዲስ ነገር የማይወጣባቸውም ነበሩ። ስለ ማንኮራፋት ሊያነብ የገባ ሰው በዚያው ቀሚስ ገዝቶ ይወጣል ብሎ የሚያስብ ነጋዴ የለም፤ ሊንኩ የተለጠፈው ሰው እንዲጫነው አልነበረም፤ ጉግል እንዲቆጥረው ነው።

ሊንክ ለምን ምስክር ሆነ

ከጉግል በፊት የነበሩት መፈለጊያዎች በዋናነት የሚያዩት ገጹ ላይ የተጻፈውን ነበር። «ቀሚስ» የሚለውን ቃል አብዝቶ የጻፈ ከፍ ይላል። ባለቤቱ ስለ ራሱ የሚለውን እንደ ማስረጃ መቀበል ማለት ነው፤ ውጤቱም ያንኑ ያህል ነበር። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይዘው የመጡት ሐሳብ ይህን ገለበጠው፦ አንድ ገጽ ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ ሌሎች ወደ እርሱ መጠቆማቸውን መቁጠር፣ የጠቋሚውንም ክብደት መመዘን። ብዙ የታመነ ጣቢያ የጠቆመው ገጽ የእርሱም ጥቆማ የበለጠ ይመዝናል። በችሎት ቋንቋ፣ ባለጉዳዩን መስማት ቀርቶ ምስክር መስማት ተጀመረ።

ምስክር መቁጠር ከተጀመረ ደግሞ ምስክር የሚገዛ አይጠፋም።

አንድ ሊንክ በኮዱ ውስጥ ሁለት ነገር ይይዛል፦ የሚወስድበት አድራሻና ሰው የሚጫነው ጽሑፍ። ጽሑፉ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተቀባዩ ገጽ ስለ ምን እንደሆነ ለጉግል የሚነግረው እርሱ ነው። የፔኒ ሊንኮች ጥፋት ፈጦ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በፈቃዳቸው ሊንክ የሚሰጡ ሰዎች አይስማሙም። ቦሌ ያለ አንድ ዳቦ ቤት ድረ ገጽ አለው እንበል። አንዱ በስሙ ይጠራዋል፣ ሌላው «ትናንት ያልኳችሁ ቤት» ይላል፣ ሦስተኛው «እዚህ ግቡ» ብሎ ያልፋል፣ አራተኛው አድራሻውን እንዳለ ይለጥፋል። አብዛኛው ደግሞ ወደ መግቢያው ገጽ ይወስዳል። የዳቦ ቤቱን ሊንኮች ሰብስበው ቢዘረጓቸው ዝርክርክ ያለ ነገር ነው የሚያዩት፤ ጤናማ መሆኑ የሚታወቀውም በዝርክርክነቱ ነው። ሁለት ሺህ ገጾች በአንድ አፍ «የምሽት ቀሚስ» ብለው ወደ አንዲት ውስጠኛ ገጽ ሲጠቁሙ ግን፣ ምስክሮቹ አንድ ሰው ያስጠናቸውን ቃል ደግመዋል ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ተደከመ ለሚል፣ ሒሳቡ አጭር ነው። በጉግል የራሱ ግምት «ቀሚሶች» የሚለው ቃል አሜሪካ ውስጥ በወር 11.1 ሚሊዮን ጊዜ ይፈለግ ነበር። ቺቲካ የተባለ የማስታወቂያ ድርጅት በ2010 ባወጣው ጥናት ደግሞ ከሚጫነው ሰው 34 በመቶ ያህሉ አንደኛውን ውጤት ይጫናል፤ ሁለተኛው የሚያገኘው የዚያን ግማሽ ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ካባዙ ከአንዲት ቃል ብቻ በወር 3.8 ሚሊዮን ገደማ ጎብኚ ይመጣል። ግምት ነው፣ ግን የቁማሩን መጠን ያሳያል።

ከአንደኛ ወደ ሰባ አንደኛ

ታይምስ ያገኘውን ማስረጃ ለጉግል አቀረበ። በጊዜው ስፓምን (ፍለጋውን የሚያጭበረብሩ ቆሻሻ ገጾችን) የሚከላከለውን የጉግል ቡድን ይመራ የነበረው ማት ከትስ አሠራሩ የጉግልን መመሪያ የሚጥስ መሆኑን አረጋገጠ። ከፔኒ ጋር የተያያዘ ጥሰት ከዚያ በፊትም ሦስት ጊዜ ተገኝቶ እንደነበር፣ የመጨረሻውም በኖቬምበር 2010 እንደሆነ ተናገረ። ይህ ለጉግልም የሚያስመሰግን አይደለም፤ ሦስት ጊዜ የተያዘ ጣቢያ በዓመቱ ትልቁ የገበያ ወቅት አናት ላይ ተቀምጦ ነበር።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 9፣ ከምሽቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 7 ሰዓት ላይ ፔኒ በ«ሳምሶናይት የእጅ ሻንጣ» አሁንም አንደኛ ነበር። 9 ሰዓት ላይ 71ኛ ሆነ። «የሳሎን ዕቃ» በሚለው ፍለጋ 7 ሰዓት ላይ አንደኛ፣ 9 ሰዓት ላይ 68ኛ። አንድ ገጽ አሥር ውጤት ይይዛል ብለን ብናስብ፣ ሻንጣው ከመጀመሪያው ገጽ ወደ ስምንተኛው ገጽ ወረደ ማለት ነው። ስምንተኛ ገጽ ድረስ ዘልቆ ሻንጣ የሚፈልግ ሰው የለም።

ከነዚህ ሁለት ቃላት ይልቅ አካሄዱን የሚያሳየው ሌላ ልኬት ነው። ክትትል ይደረግባቸው በነበሩ 59 የፍለጋ ቃላት የፔኒ አማካይ ቦታ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1.3 ነበር። ፌብሩዋሪ 8 ወደ 4 ወረደ። ፌብሩዋሪ 10 ላይ 52 ሆነ። የመካከለኛዋን ቁጥር ልብ ይሏል፦ 4 ላይ ያደረሰው የሰው እጅ ሳይሆን በዚያው ሰሞን ይለወጥ የነበረው የጉግል ቀመር ነው። የሰው እጅ የገባው ከዚያ በኋላ፣ ረቡዕ ማታ ነው። ስለዚህ ድረ ገጽዎ ቦታ ሲለቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ነው። በሰው እጅ የተጣለ ቅጣት ሲሆን ጉግል በሰርች ኮንሶል (ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ በሚሰጠው መከታተያ) በኩል መልእክት ይልካል። ቀመሩ ተለውጦ ከሆነ ማንም የሚነግርዎ የለም፤ ይግባኝ የሚባልበት በርም የለም። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን አደባልቆ፣ ቅጣት ሳይኖርበት ምሕረት ሲለምን ወራት ያጠፋል።

ማን አደረገው?

ፔኒ ሊንኮቹን አላስለጠፍኩም፣ አላወቅኩም፣ አልፈቀድኩም አለ። አያይዞም ከጠቅላላ ጎብኚዎቹ በተፈጥሯዊ የፍለጋ ውጤት በኩል የሚመጡት 7 በመቶ ብቻ ናቸው ሲል ጉዳቱን አቃለለ። ወዲያው የፍለጋ ሥራውን ይሠራለት የነበረውን አማካሪ ድርጅት አሰናበተ።

ማን ከፈለ የሚለው በአደባባይ አልተረጋገጠምና እዚህም አንፈርድም። ለጣቢያ ባለቤት የሚጠቅመው ሌላው ጎኑ ነው፦ ቅጣቱ የወረደው በአማካሪው ላይ ሳይሆን በፔኒ አድራሻ ላይ ነው። አማካሪ ይባረራል፣ ዶሜይን ግን አይባረርም። «አላወቅኩም» የሚለው መልስ ለጋዜጣ ይበጅ ይሆናል፤ ለጉግል ግን ማን ለጠፈው ሳይሆን ምን ተለጥፏል ነው ጥያቄው። ሰባት በመቶ የተባለውም ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ማስታወቂያ ሳይከፈልበት የሚመጣ ሰባት በመቶ ነው።

ፔኒ ወደ ቦታው የተመለሰው ከ90 ቀን ገደማ በኋላ፣ በሜይ 2011 ነው። ለማነጻጸር፣ በ2006 የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብሊው ድረ ገጽ ለጎብኚ አንድ ነገር፣ ለጉግል ሌላ ነገር የሚያሳዩ የማታለያ ገጾች ተገኝተውበት ከውጤቱ ጨርሶ ወጥቶ ነበር፤ እርሱ ግን በቀናት ውስጥ ነው የተመለሰው። ልዩነቱ ብዙ አያስደንቅም። በራስ ጣቢያ ላይ ያለን ጥፋት ፋይሉን ሰርዘው ይጨርሱታል። በሌላ ሰው ጣቢያ ላይ ያለን ሊንክ ግን ማስነሳት የሚችለው የጣቢያው ባለቤት ነው፤ እርሱ ደግሞ አንዳንዴ የለም፣ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ አንዳንዴ ለማንሳትም ገንዘብ ይጠይቃል።

ተመሳሳይ ነገር ቢደርስ፣ የጽዳቱ ሥራ

በ2011 ፔኒ ያልነበረው አንድ መሣሪያ ዛሬ አለ። ጉግል በኦክቶበር 2012 ዲስአቫው የተባለውን መንገድ ከፈተ፤ ይህም «ወደ እኔ የሚጠቁሙትን እነዚህን ሊንኮች አትቁጠሩብኝ» ብሎ ዝርዝር የሚያስገቡበት ነው። ግን ሥራው የሚጀመረው ከዚያ አይደለም።

መጀመሪያ ሰርች ኮንሶል ውስጥ በሰው እጅ የተጣሉ ቅጣቶች የሚታዩበትን ክፍል ይክፈቱ። ባዶ ከሆነና ሊንክ ገዝተው የማያውቁ ከሆነ እዚያው ይቁሙ፤ የቀረውን አይንኩ። በየጣቢያው ላይ ከማይታወቅ ቦታ የሚመጡ ቆሻሻ ሊንኮች አይጠፉም፣ ጉግልም በብዛት ራሱ ይንቃቸዋል። ፈርቶ ዲስአቫው ያደረገ ሰው በዚያው ይጠቅመው የነበረውን ሊንክ ሲያስጥል ማየት የተለመደ ነው።

ቅጣት ካለ፣ የሊንኮች ዘገባ ከሚለው ክፍል ወደ እርስዎ የሚጠቁሙትን ጣቢያዎችና የሚጫኑትን ጽሑፎች አውርደው በሠንጠረዥ ያስቀምጡ። ከጣቢያዎቹ ዝርዝር ይልቅ የጽሑፎቹ ዝርዝር ቶሎ ይናገራል። የድርጅቱ ስም ከላይ ሆኖ ቀጥሎ ልዩ ልዩ ነገር ካለ ጥሩ ነው። ከስምዎ በላይ «ርካሽ የአየር ትኬት» የሚል ሐረግ ከተቀመጠ የነገሩን ጭራ ይዘዋል። ከዚያ እያንዳንዱን አጠራጣሪ ጣቢያ ከፍተው ይዩ፤ በሰው እጅ የሚሠራ አድካሚ ሥራ ነው፣ አቋራጭም የለውም። ለባለቤቱ ይጻፉ፣ የጻፉበትን ቀንና የተመለሰልዎን መልስ በሠንጠረዡ ላይ ያስገቡ። ይህ መዝገብ በኋላ ማስረጃዎ ነው።

እምቢ ያሉትንና መልስ ያልሰጡትን ብቻ ወደ ዲስአቫው ያምጧቸው። ፋይሉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በአንድ መስመር አንድ አድራሻ፣ ቢበዛ 100,000 መስመር፣ መጠኑም ከ2 ሜጋባይት የማይበልጥ። ሙሉ ጣቢያውን ለማስጣል ከስሙ በፊት ዶሜይን (domain) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና ሁለት ነጥብ (:) ያስቀድማሉ። ሦስት ስሕተት በተደጋጋሚ ይሠራል። አንዱ፣ ከአንድ ጣቢያ የገጽ አድራሻዎችን ብቻ መዘርዘር ነው፤ ያው ጣቢያ ነገ ያንኑ ሊንክ በአዲስ አድራሻ ያወጣዋል። ሁለተኛው፣ አዲስ ፋይል ሲያስገቡ አሮጌው ላይ የሚጨመር መምሰሉ ነው፤ አይጨመርም፣ አሮጌውን ይተካዋል። ሦስተኛው መቸኮል ነው፤ ጉግል እነዚያን ገጾች ተመልሶ እስኪጎበኝ ሳምንታት ይፈጃል።

በመጨረሻ የይታይልኝ ማመልከቻ ይጻፋል። የሚሠራው ማመልከቻ አጭር ነው፦ ጥፋቱ ምን እንደነበረ በግልጽ፣ ለማስተካከል ምን እንደተደረገ፣ ውጤቱ ምን እንደሆነ፣ ከነሠንጠረዡ። «ተፎካካሪዎቼ ሳይሆኑ አይቀሩም» እያለ የሚጀምር ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሞ ይታወቅ፦ ቅጣቱ ቢነሳም የቀድሞው ቦታ አይመለስ ይሆናል፤ ያ ቦታ የቆመው በተጣሉት ሊንኮች ላይ ነበርና።

የከፈሉበት ሊንክ ሁሉ ጥፋት እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ማስታወቂያ መግዛት፣ ዝግጅት ስፖንሰር አድርጎ ስምን ማስለጠፍ ነውር የለበትም። ለጉግል «ይህ የተከፈለበት ነው» ብሎ መንገር ብቻ ነው የሚጠበቀው። ከ2005 ጀምሮ ኖፎሎው (nofollow)፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ስፖንሰርድ (sponsored) የተባለ ምልክት በሊንኩ ኮድ ውስጥ ይገባል፤ ጎብኚው ይጫነዋል፣ ጉግል ግን በአብዛኛው እንደ ምስክር አይይዘውም።

ሊንክ ከመፈለግ በፊት፣ በአማርኛ ጣቢያዎች ላይ

«በጥቂት ዶላር አንድ ሺህ ባክሊንክ» (ከሌላ ጣቢያ ወደ እርስዎ የሚጠቁም ሊንክ) የሚለው ንግድ ከፔኒ በኋላም አልሞተም፤ የፍሪላንስ ገበያው ዛሬም ሞልቶታል። የአማርኛ ጣቢያ ባለቤት ይህን ሲያይ ቢጓጓ አይፈረድበትም። ግን ፔኒ ቢያንስ ገጾቹ ይነበቡለት ነበር። ብዙ የአማርኛ ጣቢያ ላይ ያለው ችግር ከዚያ ይቀድማል፦ ጉግል ጽሑፉን ማንበብ አይችልም።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቢሮው ሁሉ ይጽፍ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር። በነዚህ የተጻፈ ሰነድ ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ውስጡ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ነው። ከድሮ ሰነድ ገልብጦ ድረ ገጽ ላይ የለጠፈ ድርጅት ለጉግል ያቀረበው ያንን ቅልቅል ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ከገጹ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገው በስልክዎ መልእክት ላይ ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ደህና ነው። የማይነበብ ነገር ከመጣ ጉግልም የሚያየው እርሱን ነው፤ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ በቀር ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ጽሑፉን በፖስተር ሠርቶ እንደ ፎቶ የሚጭንም እንዲሁ ነው። ዋጋው፣ አድራሻው፣ ስልኩ ሁሉ ፎቶው ውስጥ ቀርቶ፣ ገጹ ላይ አንዲት መስመር ጽሑፍ የለም። ፖስተሩ ይነሳ ማለት አይደለም፤ ከሥሩ ያው ነገር በጽሑፍ ይግባ ነው።

ቀጥሎ የፊደል ነገር አለ። አንዱ «ሥራ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ስራ»፤ «ፀጉር»ና «ጸጉር»፣ «ኃይል»ና «ሀይል» እንዲሁ። ሁለቱን በየተራ ጉግል ላይ ጽፈው ውጤቱን ያወዳድሩ። ሰርች ኮንሶል ውስጥ ሰዎች ምን ብለው ጽፈው እንደመጡ የሚያሳይ ዘገባ አለ፤ በላቲን ፊደል የጻፉትም እዚያው ይታያሉ። ብዙ የተጻፈውን አርእስቱ ላይ፣ ሌላውን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ካስገቡ ይበቃል። አጻጻፉን ሁሉ በገጹ ግርጌ መደርደር ግን የፔኒ ዘመን ብልጠት ነው።

የገጹ አድራሻም አለ። በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ በባይት በሚቀመጥበት መንገድ) አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ በአድራሻ ውስጥ ተመንዝሮ ሲጻፍ እያንዳንዱ ባይት ሦስት ምልክት ይሆናል። ስለዚህ «የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ዋጋ» የሚሉት 15 ፊደላት ኮፒ ተደርገው ሲላኩ 135 ምልክት ሆነው ይወጣሉ፣ በመካከላቸው ያሉትን ሰረዞች ሳንቆጥር። ጉግል በዚህ አይቸገርም። የሚቸገረው ሰው ነው፤ አድራሻው ሲላላክ መሐሉ ላይ ይቆረጥና ገጹ አልተገኘም የሚል መልስ ይመጣል፣ በነጻ የተገኘ እውነተኛ ሊንክ በዚያው ይባክናል። በላቲን ፊደል አጭር አድራሻ መስጠት ይሻላል። አስቀድሞ በአማርኛ የወጣ አድራሻ ካለ ግን እንዲሁ አይለውጡት፤ ከለወጡም ከአሮጌው ወደ አዲሱ 301 የሚባለውን ቋሚ ማዞሪያ ያስገቡ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ፣ ብዙ ጣቢያ የሚያስቀር። ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ በማንበቢያ ቅንብሮች ውስጥ መፈለጊያዎች ጣቢያውን እንዳያስገቡ የሚጠይቅ ሳጥን አለ። ጣቢያው እየተሠራ ሳለ ምልክት ይደረግበታል፣ ከተመረቀ በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ስድስት ወር ሙሉ «ለምን ጉግል ላይ አንወጣም» ከማለት ያቺን ሳጥን መጀመሪያ ማየት ነው።

ከዚያ በኋላ የሊንክ ነገር ይመጣል። ሰው ሳይከፈለው የሚጠቁመው ሌላ ቦታ ያላገኘውን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለ የሐበሻ ሒሳብ ሠራተኛ ስለ አሜሪካ ግብር አመላለስ በአማርኛ ደረጃ በደረጃ ቢጽፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑም የዕድሩም የማኅበሩም ገጽ ሊጠቁመው ምክንያት አለው። ዱባይ ያለ የዕቃ ላኪ ድርጅት የኪሎ ዋጋውንና የሚወስደውን ቀን በሠንጠረዥ ቢያወጣ እንዲሁ። እንዲህ ያለ አሥር ሊንክ ከማንኮራፋት ጣቢያ ከተገዛ ሺህ ሊንክ ይበልጣል።

ከፔኒ ወዲህ የተለወጠው

ጉግል ኤፕሪል 24 ቀን 2012 ፔንግዊን የተባለውን ቀመር አወጣ፤ በእንግሊዝኛ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 3.1 በመቶ ያህሉን ነክቷል። በፔኒ ላይ በሰው እጅ የተሠራውን ሥራ ማሽን ወረሰው ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2016 ደግሞ ፔንግዊን የዋናው ቀመር አካል ሆነ፣ ጣቢያውን ከመቅጣት ይልቅም የተገዛውን ሊንክ ዋጋ ወደ ማሳጣት አዘነበለ። በሰው እጅ የሚጣለው ቅጣት አሁንም አለ። ይሁንና ዛሬ ሊንክ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ እንደ ፔኒ በሁለት ሰዓት ውስጥ አይወድቅም። ሊንኩ አይቆጠርም፣ መልእክትም አይመጣም፣ ሻጩ ደግሞ «ጊዜ ይፈልጋል» ይላል፤ የሚቀጥለውም ወር ይከፈላል።

ስለዚህ የፍለጋ ሥራውን ለሌላ ሰው የሰጠ ባለቤት ከውል በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ። ሊንክ ያመጣሉ ከተባለ በየወሩ የመጣው ሊንክ ከነገጹ አድራሻ ተዘርዝሮ ይቅረብ፤ ባለቤቱም ከዝርዝሩ አምስቱን ራሱ ከፍቶ ይመልከት። «አንደኛ ላወጣዎ ዋስትና እሰጣለሁ» ያለ ባለሙያ የጉግልን ቦታ ከእጁ ይዞ አይደለምና ያንን ቃል በምን እንደሚፈጽም ያስረዳ። የሰርች ኮንሶሉ ባለቤትነት ደግሞ በድርጅቱ ኢሜይል ይመዝገብ፣ ባለሙያው በተጠቃሚነት ፈቃድ ብቻ ይግባ። በባለሙያው ኢሜይል ብቻ ከተከፈተ፣ ጉግል ቅጣት ጥሎ መልእክት ቢልክ የሚያነበው ጥፋቱን የሠራው ሰው ራሱ ነው፤ ሲለያዩም መዝገቡ ከእርሱ ጋር ይሄዳል። አሁኑኑ ገብተው የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ይዩ፣ የማያውቁት ስም ካለ ይሰርዙት፣ የቀድሞው ሠራተኛ ያስገባው የማረጋገጫ ኮድም ከገጹ ላይ ይነሳ፤ ኮዱ ካልተነሳ ስሙ ቢሰረዝም ተመልሶ መግባት ይችላል።